ፕሮሰሰሩ ሲግል፣ ፋኑ ሲጮኽ

እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ኮምፒውተር ዕቃዎች በመጻፍ የሚታወቀው ቶምስ ሃርድዌር አራት ፕሮሰሰሮችን ጨከን ላለ ፈተና አቀረበ። ኮምፒውተሮቹ ኩዌክ ስሪ የተባለውን ጌም እያጫወቱ ሳለ፣ የብረት ማቀዝቀዣው ከነፋኑ ከፕሮሰሰሩ ላይ ተነሣ። የኢንቴሉ ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን በራሱ ቀነሰ። ጌሙ እየተንቀራፈፈም ቢሆን ቀጠለ፤ ማቀዝቀዣው ሲመለስለትም እንደ ቀድሞው መሮጥ ጀመረ። ፔንቲየም 3 ባለበት ደርቆ ቆመ፤ ግን አልሞተም። ሁለቱ የኤኤምዲ አትሎን ፕሮሰሰሮች በሰከንዶች ውስጥ ተቃጠሉ፤ ጭሳቸው በቪዲዮ ተቀርጾ ዓለምን ዞረ።

ፈተናው ሲነሣ ብዙ የሚወራው ስለ ጭሱ ነው። ይበልጥ ሊጤን የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ከተቃጠሉት አንዱ፣ አትሎን ኤምፒ፣ ውስጡ የሙቀት መለኪያ ነበረው። ማዘርቦርዱ ግን ንባቡን ተቀብሎ በጊዜው ኃይል አላቋረጠም። መለኪያው ነበረ፣ የሰማው አልነበረም።

ዛሬ በየቤቱ ያሉ ላፕቶፖችና ዴስክቶፖች እንዲህ አይቃጠሉም። ፕሮሰሰሩ ወደተወሰነለት የሙቀት ጣሪያ ሲደርስ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህ ካልበቃ ኮምፒውተሩን ድንገት ያጠፋዋል። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጣሪያ ብዙውን ጊዜ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣቸው የራይዘን 7000 ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ደግሞ 95 ነው። ይህ ጥበቃ ብዙ ማሽን አትርፏል፤ በዚያው ልክ ግን ችግሩን ድምፅ አልባ አድርጎታል።

ባለቤቱ የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው። ትናንት ወዲያው ይከፈት የነበረ ፋይል ዛሬ ያስጠብቃል፤ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ድምፅ ይቆራረጣል፤ ላፕቶፑ ሥራ መሃል ድርግም ይላል። ጥርጣሬው ወዲያው ወደ ቫይረስ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል፣ ያልተቀዳ ፎቶና ሰነድ አብሮ ይጠፋል፣ ራም ይጨመራል፣ አንዳንዴም ማሽኑ በርካሽ ተሽጦ ሌላ ይገዛል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥፋተኛው በአቧራ የታፈነ ወይም ዘንጉ ደርቆ የቆመ አንድ ፋን ሊሆን ይችላል። ላፕቶፕ የወራት ቁጠባ በሚጠይቅበት ቤት ይህ አንጀት የሚበላ ኪሳራ ነው። ምርመራው ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ፕሮሰሰር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል በመጨረሻ ሁሉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የሚያስቸግረውም ከሙቀቱ ብዛት ይልቅ የሚወጣበት ቦታ ጥበት ነው። የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይወስዳል፤ ያ ኃይል ግን ወደ 60 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ስለሚሠራጭ ለአንድ ካሬ ሴንቲሜትር የሚደርሰው ከአንድ ዋት ብዙም አይዘልም። የኢንቴል ኮር አይ9 13900ኬ ቺፕ ስፋቱ 2.6 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን በመደበኛ ሥራ 125 ዋት፣ ሲጠነክርበት እስከ 253 ዋት ይወስዳል። በመደበኛው ቢሰላ እንኳ ለአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ወደ 48 ዋት ይደርሰዋል፤ ከምጣዱ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ከጥፍር እምብዛም ከማይበልጥ ቦታ ላይ በየሰከንዱ መነሣት አለበት።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር፣ ኢንቴል 8088፣ ማቀዝቀዣ ብረትም ሆነ የራሱ ፋን ሳያስፈልገው ባዶውን ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ ይሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍጥነት በየዓመቱ ሲጨምር ሙቀቱም አብሮ ናረ። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው፤ ፕሮሰሰር የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል፤ ፍጥነት ለመጨመር አብዛኛውን ጊዜ ቮልቴጅም መጨመር ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደ የቺፕ መሐንዲሶች ጉባኤ ላይ የኢንቴሉ ፓት ጌልሲንገር አካሄዱ በዚሁ ከቀጠለ በቺፕ ላይ የሚከማቸው ኃይል በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኒውክሌር ማብለያን፣ ቆይቶም የሮኬት አፍን፣ በመጨረሻም የፀሐይን ገጽ እንደሚያክል አስጠነቀቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ድርጅታቸው መንገዱን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንቴል ቴሃስ የተባለውን ቀጣይ ፕሮሰሰሩን ሰረዘ፤ በዚያው ዓመት 4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል የተባለውን ፔንቲየም 4ም ተወ። ዛሬ ፕሮሰሰር ሲገዛ «ስንት ኮር አለው?» የሚባለው አምራቾቹ ከሙቀት ጋር የገጠሙት ትግል ወደዚያ ስለገፋቸው ነው።

ሙቀቱን የሚለካው በሲሊከኑ ውስጥ የተቀበረ በጣም ትንሽ ዳዮድ ነው። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር በዳዮዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 2 ሚሊቮልት ይወርዳል፤ ያ ለውጥ ወደ ቁጥር ይቀየራል። በአሁኖቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች መለኪያው የሚቆጥረው ከጣሪያው ወደ ታች ነው። ጣሪያው ለመድረስ ስንት ዲግሪ እንደቀረው ይናገራል፤ የመከታተያ ፕሮግራሙ ያንን ከ100 ወይም ለዚያ ፕሮሰሰር ከተወሰነው ቁጥር ላይ ቀንሶ ያሳያል። ስለዚህ ንባቡ ይበልጥ የሚታመነው ወደ አደጋው ሲጠጋ ነው፤ በቀዝቃዛው በኩል ጥቂት ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል። ክፍሉ 22 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 15 ነው የሚል ንባብ ከመጣ ቁጥሩ ስህተት ነው። በፋን የሚቀዘቅዝ ነገር ከሚነፍስበት አየር በታች ሊበርድ አይችልም።

ስህተቱ ወደ ላይም ሊሆን ይችላል። ለዓመታት በዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ዘንድ ተወዳጅ የነበረው ስፒድፋን አንዳንድ ማሽን ላይ 127 ዲግሪ የሚል መስመር እያሳየ ብዙ ሰው አስደንግጧል። 127 አሉታዊ ቁጥርንም በሚያካትት የስምንት ቢት አጻጻፍ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ አዎንታዊ ቁጥር ነው፤ እንዲህ ያለ ንባብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማዘርቦርዱ ላይ ቦታ ተይዞለት ሴንሰር ካልተገናኘበት መስመር ነው። ራይዘን እ.ኤ.አ. በ2017 ብቅ ሲልም የ1700ኤክስና የ1800ኤክስ ገዢዎች ማሽናቸው ያለ ምክንያት የጋለ መስሏቸው ነበር። ኤኤምዲ ፋኖቹ ለሁሉም ሞዴሎች በአንድ ዓይነት ሥርዓት እንዲሠሩ ሲል በእነዚህ ፕሮሰሰሮች ንባብ ላይ 20 ዲግሪ ጨምሮበት ኖሯል። 70 የሚል ቁጥር ሲታይ ፕሮሰሰሩ በእርግጥ 50 ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ «ስንት ዲግሪ ነው ጤነኛ?» የሚል። ለሁሉም ማሽን የሚሆን አንድ መልስ የለም። ሥራ ፈትቶ 40 ላይ የሚያርፍ ዴስክቶፕና 55 ላይ የሚያርፍ ቀጭን ላፕቶፕ ሁለቱም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ራይዘን 7000 በከባድ ሥራ 95 ሲነካ ኤኤምዲ ራሱ እንዲህ አድርጎ እንደሠራው ተናግሯል። የሚጠቅመው ማሽኑ ጤነኛ በነበረበት ጊዜ ምን ያሳይ እንደነበር ማወቅና ዛሬ ከዚያ ምን ያህል እንደራቀ ማየት ነው። ለዚህም ሙቀቱን ብቻውን ማየት አይበቃም፤ የፋኑ ዙርና የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በጊጋኸርዝ አብረው መታየት አለባቸው።

ዊንዶውስ በዚህ በኩል ተጠቃሚውን አያግዝም። ታስክ ማናጀር እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ማሻሻያ ጀምሮ የግራፊክስ ካርድን ሙቀት ያሳያል፤ የፕሮሰሰሩን ግን አያሳይም። ስለዚህ ኤች ደብልዩ ኢንፎ፣ ኤች ደብልዩ ሞኒተር ወይም ኮር ቴምፕ ከሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች አንዱን መጫን ያስፈልጋል። ሊኑክስ ላይ ኤልኤም ሴንሰርስ የቆየና የታመነ ነው። ሊኑክስ ሙቀቱን በተራ ፋይል ውስጥም በሺህኛ ዲግሪ ያስቀምጠዋል፤ 52000 የሚል ቁጥር 52 ዲግሪ ማለት ነው። የዊንዶውሶቹ ፕሮግራሞች ንባቡን የሚያገኙት ወደ ማሽኑ ጥልቅ ክፍል በሚገባ ድራይቨር በኩል ስለሆነ፣ ከሠሪዎቹ ገጽ በቀር ከሌላ ቦታ ማውረድ ወይም ከሰው ፍላሽ ላይ መገልበጥ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የማይክሮሶፍት ዲፌንደር በብዙ የፋን መቆጣጠሪያዎች ውስጥ የነበረውን ዊንሪንግ ዜሮ የተባለ ድራይቨር ማገድ የጀመረውም እንዲህ ያለ ጥልቅ መግቢያ አደገኛ ስለሆነ ነው፤ ድራይቨሩ ለሰርጎ ገቦች የሚመች ክፍተት ነበረው።

አሁን ወደ ፋኑ። በዴስክቶፕ ውስጥ ያለ ዘመናዊ የፕሮሰሰር ፋን አራት ሽቦ አለው። ሁለቱ 12 ቮልት ያደርሱለታል። ሦስተኛው የፋኑን ዙር ለማዘርቦርዱ ይናገራል፤ ፋኑ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር በዚህ ሽቦ ሁለት ምት ይልካል። ማዘርቦርዱ በሰከንድ 50 ምት ከቆጠረ ፋኑ በሰከንድ 25 ጊዜ ዞሯል፤ በደቂቃ 1500 መሆኑ ነው። አራተኛው ሽቦ የማዘርቦርዱ ትእዛዝ የሚሄድበት ነው፤ በሰከንድ ወደ 25 ሺህ ጊዜ ኃይሉን እያበራና እያጠፋ ፋኑ ምን ያህል በርትቶ እንደሚሠራ ይወስናል። ድግግሞሹ እንዲህ ከፍ ያለው የሰው ጆሮ እንዳይሰማው ነው። በሦስተኛው ሽቦ ምንም ምት ካልመጣ አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ገና ሲነሡ የፕሮሰሰር ፋን ስህተት አለ የሚል መልእክት አውጥተው ይቆማሉ። ያንን መልእክት ቁልፍ ተጭኖ ማለፍ ይቻላል፤ በየቀኑ እያለፈው የሚሠራ ሰውም አለ፤ ይህ ግን መታረም ያለበት ልማድ ነው።

ሽቦው የሚቆጥረው ዙርን እንጂ ነፋስን አለመሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። ላፕቶፕ ሲከፈት ነገሩ በዓይን ይታያል። ፋኑ አየሩን የሚገፋው በጣም ተቀራርበው በተደረደሩ ቀጫጭን የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ክንፎች መሃል ነው። አቧራው በክንፎቹ ላይ ተበትኖ አይቀመጥም፤ ከልብስ ክርና ከፀጉር ጋር ተጠላልፎ በፋኑና በክንፎቹ መሃል ግራጫ ጨርቅ የመሰለ ንጣፍ ይሠራል። በጣት ሲያዝ እንደ ቁራጭ ብርድ ልብስ አንድ ላይ ይነሣል። አየር የማይገፋ ፋን ሸክሙ ስለሚቀልለት እንዲያውም ከወትሮው በፍጥነት ሊዞር ይችላል። ፕሮግራሙ 4500 ዙር ያሳያል፤ ከጎን ባለው ቀዳዳ ግን እጅ የሚያሞቅ ነፋስ አይወጣም። ለዚህ ነው የቁጥሩን ምስክርነት በእጅ መዳፍ ማረጋገጥ የሚያስፈልገው።

ምርመራው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ ምንም ሳይሠራ አሥር ደቂቃ ይቆይና ሙቀቱ፣ ዙሩና ፍጥነቱ ይጻፋሉ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚያስጨንቅ ሥራ ይሰጠዋል፤ ረጅም ቪዲዮ መቀየር ወይም ትልቅ ፎልደር መጭመቅ ይበቃል። በዚህ ጊዜ ዋናው ነገር ሙቀቱ ምን ያህል ደረሰ ከሚለው ይልቅ እንዴት ወጣ የሚለው ነው። ሥራው በተጀመረ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ጣሪያው ከተተኮሰና ሥራው ሲቆም ወዲያው ከወረደ፣ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ በሚገባ እየተሻገረ ላይሆን ይችላል፤ በመሃል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ወይም የማቀዝቀዣው ብሎን ላልቶ ሊሆን ይችላል። ቀስ እያለ ለአሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ያለማቋረጥ ከወጣና ፋኑ ባለ በሌለ ኃይሉ እየዞረ ካላቆመው፣ መተንፈሻው ታፍኗል። ሙቀቱ እየናረ ዙሩ ዜሮ ከሆነ ፋኑ ሞቷል ወይም ሶኬቱ ወጥቷል። ሥራ በሌለበት ሰዓት ዜሮ ማሳየት ግን በሽታ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንድ ላፕቶፖች ሲበርዳቸው ፋናቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ።

አራተኛ ዓይነትም አለ፤ እዚህ ላይ ባለሙያዎችም ይሳሳታሉ። ሙቀቱ 60 ላይ ተረጋግቶ ሳለ ፍጥነቱ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ወርዶ የቀረ ላፕቶፕ በሙቀት አልተያዘም። ምናልባት ቻርጀሩ አቅሙ አነስተኛ ነው፣ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ፈርምዌሩ፣ ማለትም በማሽኑ ውስጥ የተቀበረው ሶፍትዌር፣ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ባለኮር አይ9 ማክቡክ ፕሮ በከባድ ሥራ ከሚገባው በላይ ሲንቀራፈፍ ብዙዎች ፋኑንና ስስ አካሉን ከሰሱ። አፕል ግን ሙቀቱን የሚያስተዳድረው ፈርምዌር ውስጥ አንድ ዲጂታል ቁልፍ ጎድሎ መገኘቱን አሳውቆ በማሻሻያ አረመው።

ማሽኑ ፍጥነቱን የቀነሰው እንዲቀንስ ስለታዘዘ መሆኑን ዊንዶውስ ራሱ አንዳንዴ ይመዘግበዋል። ኢቨንት ቪውወር ውስጥ ከርነል ፕሮሰሰር ፓወር በሚል ስም፣ በ37 ቁጥር የተመዘገበ ማስጠንቀቂያ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በፈርምዌሩ መገደቡን ይናገራል። 41 ቁጥር ያለው የከርነል ፓወር መዝገብ ደግሞ ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ያሳያል። መብራት በሄደበት ሰዓትም ይኸው ቁጥር ስለሚመዘገብ ሰዓቱን ማመሳከር ተገቢ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ኮምፒውተር የራሱ ጉዳይ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ ሙቀታቸው እኩል ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀልላል። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር መጠን በሁለቱም ቦታ ያው ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ የሚሄደው ግን የአየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ የክፍሉ ሙቀት እኩል ቢሆን አንድ ዓይነት ላፕቶፕ በአንድ ዓይነት ዙር አዲስ አበባ ላይ ከጅቡቲ ያነሰ ሙቀት ያስወግዳል። ብዙ የሰርቨር አምራቾች ከ950 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከሚፈቅዱት የክፍል ሙቀት ላይ አንድ ዲግሪ የሚቀንሱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለአዲስ አበባ ሲሰላ አምስት ዲግሪ ያህል ይሆናል። ደግነቱ የከተማዋ ብርድ ይክሰዋል። ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ላይ አየሩ ወፍራም ቢሆንም የክፍሉ ሙቀት በቀጥታ ይደመራል፤ ክፍሉ በ15 ዲግሪ ከሞቀ ፕሮሰሰሩም በዚያው ሥራና በዚያው ዙር በ15 ገደማ ይሞቃል። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለ ሰው የአየር ማቀዝቀዣው በጠፋበት ክፍል ውስጥ የለካውን ቁጥር አዲስ አበባ ካለ ወንድሙ ላፕቶፕ ጋር ማወዳደር የማይችለውም ስለዚህ ነው።

ፕሮሰሰሩ ራሱን ያድናል ተብሎ ነገሩን መተው ደግሞ ጎረቤቶቹን መርሳት ነው። የላፕቶፕ ባትሪ በሙቀት ቶሎ ያረጃል። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ዕቃ፣ የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር፣ ዕድሜም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር በእጥፍ ይረዝማል የሚለው የባለሙያዎች ስሌት ሲገለበጥ እንዲሁ እውነት ነው። እነዚህ እንደ ፕሮሰሰሩ ከጉዳቱ ራሳቸውን ማዳን አይችሉም።

የመጀመሪያው መድኃኒት ላፕቶፑን ከአልጋና ከሶፋ ላይ ማንሣት ነው፤ ብዙዎቹ አየር የሚስቡት ከሆዳቸው በኩል ስለሆነ ብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጡ ይታፈናሉ። ቀጥሎ ጽዳት ይመጣል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ከመብራት ተነቅሎ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ወጥቶ፣ ለስላሳ ብሩሽና የታሸገ አየር ይበቃል። አየር ሲነፋበት ፋኑ እንዳይሽከረከር በእንጨት ወይም በጣት መያዝ አለበት፤ ከልኩ በላይ ሲሽከረከር ዘንጉ ይጎዳል፣ ራሱም ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ማዘርቦርዱ ሊልክ ይችላል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ለዚህ አይሆንም፤ ጉልበቱ ብዙ ነው፣ ከአየሩ ጋርም ውሃና ዘይት ሊመጣ ይችላል። ፔስት ሲቀየር አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ አዲሱ በስሱ ይቀባል። ሥራው ዓይን በማያየው የብረቶቹ ሸካራነት ውስጥ የተደበቀውን አየር ማስወጣት ብቻ ነውና ሲበዛ ራሱ እንቅፋት ይሆናል።

ፋኑ መቀየር ካለበት ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥርና ቮልቴጁን ፎቶ አንሥቶ ወደ ገበያ መሄድ ያዋጣል። የላፕቶፕ ፋኖች አብዛኞቹ በ5 ቮልት ይሠራሉ፣ የዴስክቶፖቹ በ12፤ መጠኑ ልክ የመጣ ሁሉ የሽቦው አደራደር ልክ ነው ማለትም አይደለም። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ጥገና ቤቱን ሳይለቁ ያንኑ የሃያ ደቂቃ ሥራ ማስደገምና ሦስቱን ቁጥሮች ከቀድሞዎቹ ጎን መጻፍ የባለቤቱ መብት ነው፤ የተከፈለበት ሥራ መሠራቱ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።